ያውቁ ኖሯል? እምቦጭን የሚቀልበው ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ነው

ጣናን የወረረው እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ዓይን ይስባል፤ ወደ ብዙ አገር የተዛመተውም ለጌጥ ብለው በወሰዱት ሰዎች እጅ ነው። አንዱን ነቅለው ያበጠውን የቅጠሉን አገዳ ቢጫኑት እንደ ስፖንጅ ጭምቅ ይላል፤ ውስጡ አየር ነው። ነፋስ ከዳር ዳር እያንሳፈፈ የሚወስደው ለዚህ ነው።

ዳሩ ግን እምቦጭ ምግብ በሌለበት ውኃ አይፋፋም። የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ደፍርሰው ሲሞሉ ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም ፍሳሽ ይዘው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የዳበረ ውኃ ሲያገኝ አረሙ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ምንጣፉ ብርሃን ይጋርዳል፤ ከሥሩ ኦክስጅን ይመናመናል፤ ዓሣው ይሸሻል፤ ታንኳም ማለፊያ ያጣል።

የደምቢያና የፎገራ ገበሬዎች ውኃው ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ይህን ልፋት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሌላ መንገድም ተሞክሯል፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ቅጠሉን የሚበሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተለቀው አረሙን ለመቀነስ ረድተዋል።

አረሙን የሚቀልበውን ብክለት በተመለከተ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በካዩ ፋብሪካ ቢሆን ቱቦው ይታያል። ከሺህ ማሳ ተጠርጎ የሚመጣን አፈር ግን የሚይዘው እርከንና የወንዝ ዳር ሣር ነው።