ዛፍ ስር መማር ጨዋታ ነው እንዴ?

መቼም ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ የተባለውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። «ልጆቻችንን የላክነው ሊማሩ ነው እንጂ ጫካ ለጫካ ሊዞሩ አይደለም» ያሉ ወላጆች ነበሩ። ይህን ያሉት የሳይንስ መምህራችን በወር አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ስለሚወስዱን ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ገና አልተወሰነም። ከመወሰኑ በፊት እዚያ ሄደን ምን እንደምንሠራ ላስረዳችሁ።

በእኛ በደቡብ ጎንደር ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ብታዩ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው። መሀል መሀሉ ላይ ክብ አረንጓዴ ነገር ከታያችሁ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ሌላ ቦታ አልቆ እዚያ ቀርቷል። እነዚህን ደኖች ካጠኑት አንዱ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። (ብዙ ሰው የሚያውቃቸው «እመጓ» በሚለው መጽሐፋቸው ነው።) ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆነው በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ረድተዋል። ምክንያቱም ከብት ከገባ ችግኙን ይበላል፤ ትልቁ ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም።

ይህን መምህራችን ነገሩን፤ ግን «ነገርኳችሁ ብላችሁ አትመኑኝ፣ ቁጠሩ» አሉን። በገመድ 2 ሜትር በ2 ሜትር አድርገን ከካቡ ውስጥ አንድ ቦታ፣ ከካቡ ውጭ አንድ ቦታ ለየን። ውስጥ 14 ችግኝ ቆጠርን። ውጭ አንድም የለም፣ በጠጥ ብቻ ነው።

ሒሳብም አለ። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥምርታና ወደር ስንቶቻችንን እንዳስጨነቀን ታውቃላችሁ። እዚያ ግን 1 ሜትር ዱላ አቆምን፤ ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የዝግባውን ጥላ ስንለካ 12 ሜትር ነው። 12 ለ0.8 ሲካፈል 15። ማንም ዛፍ ላይ ሳይወጣ ቁመቱ 15 ሜትር መሆኑን አወቅን! ሁለቱ ጥላዎች በአንድ ሰዓት መለካት አለባቸው፤ ፀሐይዋ ከተንቀሳቀሰች ሒሳቡ ይበላሻል።

ሌላው የውኃው ነው። በሃይላንድ አንድ አንድ ሊትር ውኃ ይዘን ግማሾቻችን ወይራው ስር፣ ግማሾቻችን ኳስ ሜዳው ላይ አፈሰስን። ወይራው ስር ያለው አፈር ወዲያው ጠጣው። ሜዳው ላይ ያለው ተኝቶ ቆየና እየተንኳለለ ወደ መንገዱ ወረደ። ቅጠሉ፣ ሥሩና ትሉ አፈሩን ክፍት ክፍት ያደርጉታል፤ ሜዳውን ግን እኛው ረግጠን አድርቀነዋል። በክረምት በራችን ድረስ የሚመጣው ጎርፍ ከየት እንደሚነሳ ያኔ ገባኝ።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ግን አንድ የክፍላችን ልጅ ነው። ከገጠር ነው የሚመጣው፤ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ደኑ ውስጥ ግን መምህሩ እሱ ሆነ። ብሳና ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ እንደሚሆን፣ አጋም በእሾሁ እንደሚለይ፣ እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ አሳየን። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ሳትቀር ደብተሯን ይዛ ተከተለችው። እንዶድ ስል፣ ዶ/ር አክሊሉ ለማ እኮ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁት በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ወንዙ ዳር ባይሄዱ ያዩት ነበር?

ለትንንሾቹ ደግሞ ለዓይንም ይጠቅማል። ቻይና ውስጥ ጓንግዡ በሚባል ከተማ የ1ኛ ክፍል ልጆች ለ3 ዓመት በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጭ እንዲውሉ ተደረገ፤ ማለትም አንድ ክፍለ ጊዜ። ሩቁን የማየት ችግር የያዛቸው ከ100 ልጆች 30 ያህሉ ነበሩ። እንደ ድሮው የቀጠሉት ግን 40 ያህሉ።

የእንግሊዝኛ ግራመር ዛፍ ስር እንማር አልልም፤ ንፋሱ ደብተር ይገልጣል፣ ወፉም ይረብሻል። ዝናብ ካለም አይሆንም። ግን በወር አንድ ቀን ነው የምንጠይቀው፤ እሱንም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ላሉት ጭምር። ለነሱ ሩቅ ከሆነ ከላይብረሪው ጀርባ ያሉት ዛፎች ይበቃሉ። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ዱላና ባዶ ሃይላንድ ነው፤ ሦስቱንም ክበባችን አዘጋጅቷል።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ፦ ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ያለው ጽድ ስንት ሜትር ነው? በጥላ ለክታችሁ መልሱን፣ ስማችሁንና የለካችሁበትን ሰዓት ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። እኛ ያገኘነውን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።