ማንም እንዳይመጣለት የሚወጣ ማስታወቂያ

በአሜሪካ የእሑድ ጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ነገር ይነበባል። አንድ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲስ እፈልጋለሁ ይላል። ምስጢሩ ወንበሩ ባዶ አለመሆኑ ነው። መሐንዲሱ በጊዜያዊ ቪዛ ተቀጥሮ እዚያው እየሠራ ነው፤ ማስታወቂያው የወጣው እሱ ግሪን ካርድ እንዲያገኝ ነው።

ሂደቱ ፐርም ይባላል፤ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አሠሪው በቅድሚያ ለሥራው በአካባቢው የሚከፈለውን ደመወዝ በሠራተኛ ሚኒስቴር ያስወስናል። ከዚያ ገበያውን ይፈትሻል፦ በሁለት እሑዶች ጋዜጣ ላይ፣ በክፍለ ግዛቱ የሥራ ማገናኛ ቢሮ ደግሞ ለ30 ቀናት ያስታውቃል፤ በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይም ለ10 የሥራ ቀናት ይለጥፋል። ባለሙያ ለሚጠይቅ ሥራ ሌሎች ሦስት መንገዶች ይጨመራሉ። ብቃትና ፈቃደኝነት ያለው አሜሪካዊ ከቀረበ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል። የዚህን ደረጃ የማስታወቂያና የጠበቃ ወጪ ሠራተኛው እንዲከፍል ማድረግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ክልክል ነው።

ሚስቱን ቤቱ አስቀምጦ ወደ ሌላ ቤት ሽማግሌ የሚልክ ሰው ምን ያህል ከልቡ ይለምናል? የፍትሕ ሚኒስቴርም የጠረጠረው ይህንኑ ነበር። ፌስቡክ እንዲህ ያሉትን ሥራዎች እንደሌሎቹ በድረ ገጹ አያወጣም፣ ማመልከቻም በፖስታ ካልሆነ አይቀበልም ሲል እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰሰው። ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት እስከ 14.25 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ተዘጋ። አፕልም በተመሳሳይ ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስልክ የሚሠራ ኩባንያ ፖስታ ሲናፍቅ ማየት ያስቃል።

ፐርም ሲጸድቅ አሠሪው አይ-140 የተባለውን ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን ያስገባል፤ ከዚያ ወረፋ ነው። በሥራ በኩል የሚሰጠው ግሪን ካርድ በዓመት 140,000 ገደማ ሲሆን ባለቤትና ልጆችም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ከአንድ አገር የተወለዱ ሰዎች ከ7 በመቶ በላይ እንዲወስዱ አይፈቀድም። የሚታየው ዜግነት ሳይሆን የትውልድ ቦታ ነው። በዚህ የተነሳ ሕንድ የተወለደ መሐንዲስ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጠብቅ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ የተወለደ የሥራ ባልደረባው በአጭሩ ሰልፍ ይቆማል። ሕንዳዊው ኢትዮጵያ የተወለደች ሚስት ካለችው ደግሞ በእሷ የትውልድ አገር ሊቆጠር ይችላል። ጋብቻ እንዲህ ያለ ጥቅም እንዳለው የሚያውቅ ሽማግሌ ብዙ አይመስልም።

ኢትዮጵያውያን ስለ አሜሪካ ወረቀት ሲያወሩ ዲቪ፣ ቤተሰብ ወይም ጥገኝነት ይቀድማል። በአሠሪ በኩል ያለው መንገድ በተለይ ለነርሶች ይቀርባል። የነርስና የፊዚዮቴራፒስት እጥረት መኖሩን የሠራተኛ ሚኒስቴሩ አስቀድሞ ስለተቀበለ፣ የጋዜጣው ማስታወቂያ ይቀርላቸዋል። ሆስፒታሉ ደመወዙን አስወስኖና ማስታወቂያውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በቀጥታ ያመለክታል። ወረፋው ግን ለነርስም አይቀርም።

ቤይሩት ወይም ሪያድ የሠራች ሴት “ስፖንሰር” ሲባል ትዝ የሚላት ካፊል የሚባለው አሠሪዋ ነው፤ ከፋላ በተባለው የስፖንሰርነት ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በእሱ እጅ ነበር፣ ስንት ዓመት ብታገለግልም ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርሳትም ነበር። የአሜሪካው ስፖንሰርም ገመድ አለው፤ ሠራተኛው ወረፋው እስኪደርስ አሠሪውን ማስቀየም ይፈራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ ገመዱን አላልቶታል፦ የመጨረሻው የግሪን ካርድ ማመልከቻ ከገባ 180 ቀን ካለፈው፣ ሠራተኛው ወደ ተመሳሳይ ሥራ መዛወር ይችላል።

ከዚያ በፊት ቢለቅስ? አይ-140 ከጸደቀለት፣ ማጭበርበር እስካልተገኘበት ድረስ፣ ወረፋ የያዘበትን የተራ ቀን ይዞ ይሄዳል። አዲሱ አሠሪ ግን ከፐርም ይጀምራል፤ የእሑዱም ማስታወቂያ እንደገና ይወጣል።