ልጅዎ አስተርጓሚዎ እንዳይሆን

ከአርባ ምንጭ ተነስተው ከነልጆችዎ አሜሪካ ሊገቡ ነው እንበል። ቤት ጋሞኛ፣ ሰፈር አማርኛ እያወራ ያደገ ልጅዎ እንግሊዝኛውን ምናልባት ከእርስዎ ቀድሞ ይለምዳል። ጥሩ ነው፤ ግን የመምህሩን ደብዳቤ የሚያነብልዎት፣ ውጤቱን የሚነግርዎት እሱው ራሱ ይሆናል። ያኔ ወላጅና ልጅ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ስለዚህ ገና በምዝገባው ቀን የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ ይገኛል። ለልጅዎም የቋንቋ ድጋፍ ይጠይቁ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንግሊዝኛ የማይችሉ ተማሪዎች ያለ ድጋፍ እንዳይተዉ የወሰነው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው።

ቤት ሲገቡ ግን በጋሞኛ ያውሩ። አያቱ ከአርባ ምንጭ ሲደውሉለት ሌላ አስተርጓሚ መፈለግ የለበትም።