በቦፓል ታንክ ውስጥ የተከማቸው መርዝ

ለኅዳር 24 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1984) አጥቢያ፣ የዓለም ዓይን በኢትዮጵያ ረኃብ ላይ በነበረበት ሰሞን፣ በማዕከላዊ ህንድ የምትገኘው የቦፓል ከተማ ነዋሪዎች ዓይን በሚያቃጥልና ትንፋሽ በሚነሣ ጋዝ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ጋዙ የወጣው የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ በህንድ ቅርንጫፉ አማካይነት ያንቀሳቅሰው ከነበረ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ነው። የግዛቲቱ መንግሥት በይፋ ያመነው የሟቾች ቁጥር 3,787 ሲሆን፣ ሌሎች ግምቶች ከዚህ እጅግ የላቁ ናቸው።

ፋብሪካው ያመርት የነበረው «ሴቪን» በሚል የንግድ ስም የሚታወቀውን ካርባሪልን ነበር። ሕዝቡን የፈጀው ግን ካርባሪል አይደለም፤ ለካርባሪል መሥሪያ የሚያገለግለው ሜቲል አይሶሲያኔት የተባለ መካከለኛ ውህድ ነው። ይህ ፈሳሽ በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ሳይበተን መሬት ለመሬት ይሳባል። ውኃ ሲነካው ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱም ሂደቱን መልሶ ያፋጥነዋል።

በዚያች ሌሊት 40 ቶን ገደማ በያዘው ታንክ 610 ውስጥ ውኃ ገባ። በምን መንገድ እንደገባ እስካሁን ያከራክራል፤ ኩባንያው የሠራተኛ ሻጥር ነው ሲል፣ ሌሎች ቧንቧ ሲታጠብ ሾልኮ የገባ ነው ይላሉ። የማያከራክረው የመከላከያዎቹ ሁኔታ ነው። ታንኩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ከወራት በፊት ቆሟል። ጋዙን በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ የሚያመክነው ማማ ሥራ ፈትቶ ነበር። የተረፈውን ሊያቃጥል የተዘጋጀው ሌላው ማማ ደግሞ ቧንቧው ለጥገና ተፈትቷል።

ለመሆኑ 40 ቶን መርዝ በታንክ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? የሴቪን ገበያ ቀዝቅዞ ፋብሪካው በኪሳራ ላይ ነበር፤ ውህዱ ተመርቶ ተራውን ይጠብቃል። ነገሩን የሚያመርረው ደግሞ ካርባሪልን ያለ እርሱ መሥራት መቻሉ ነው። ጥሬ ዕቃዎቹ ሦስት ናቸው፤ ናፍቶል፣ ሜቲላሚንና ፎስጂን። ፎስጂን በቅድሚያ ከሜቲላሚን ጋር ከተዋሃደ ሜቲል አይሶሲያኔት ይወለዳል። በቅድሚያ ከናፍቶል ጋር ከተዋሃደ ግን አይወለድም፤ ሜቲላሚን በመጨረሻ ይጨመርና ያው ካርባሪል ይገኛል። ዩኒየን ካርባይድ ራሱ ቀድሞ የተጠቀመው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነበር። እርግጥ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀው ፎስጂን በሁለቱም መንገዶች ውስጥ አለ፤ ፍጹም ንጹሕ የሚባል አማራጭ አልነበረም። ቢሆንም ታንክ 610 ባላስፈለገ ነበር።

እንግሊዛዊው የኬሚካል መሐንዲስ ትሬቨር ክሌትዝ ይህን ሐሳብ ከአደጋው በፊት፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ፣ አንሥቶት ነበር። በእርሱ አመለካከት የመሐንዲሱ ቀዳሚ ሥራ አደገኛውን ነገር የሚጠብቅ መሣሪያ መደርደር ሳይሆን፣ ነገሩ በፋብሪካው ውስጥ መኖር ይገባው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከቦፓል በኋላ ዱፖንት በአሜሪካ ውህዱን እያመረተ ወዲያው የሚጠቀምበት አሠራር ዘረጋ። ከዋሽንግተን ዲሲ የስድስት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ በሚርቀው በዌስት ቨርጂንያው የኢንስቲትዩት ፋብሪካ ግን ማከማቸቱ ቀጠለ። ፋብሪካው በባየር እጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2008 በሌላ ክፍሉ የደረሰ ፍንዳታ ሁለት ሠራተኞችን ገደለ። 6 ቶን ያህል ሜቲል አይሶሲያኔት የያዘ ታንክ በቅርብ ርቀት ላይ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ። ባየር ውህዱን ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2011 ነው፤ ከቦፓል 26 ዓመታት ዘግይቶ።

በቦፓል ከፋብሪካው ግቢ 337 ቶን መርዛማ ዝቃጭ ተጭኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ነበር። ሊቃጠል ወደ ፒታምፑር ሲወሰድ የዚያች ከተማ ነዋሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። ቃጠሎው በዚያው ዓመት አጋማሽ ተጠናቀቀ። የተበከለው አፈርና የከርሰ ምድር ውኃ ግን እዚያው ቦፓል ነው።