አንድ ጂን፣ ሁለት ትእዛዝ፦ ትንኟን ሴት ወይም ወንድ የሚያደርጋት ቆረጣ እንዴት ይሠራል?

ከሆሳዕና ገበያ የተገዛ ሙዝ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ቆይቶ ልጣጩ መጥቆር ሲጀምር፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ርዝመታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትንኞች ይከቡታል። የጠላ ጋንም፣ የጠጅ ብርሌም፣ የተረሳ አቮካዶም ቢሆን አይምሩም፤ የሚጠራቸው የእርሾና የመፍላት ሽታ ነው። የሌሞ ወረዳ ገበሬ ማንጎው ገና ዛፍ ላይ ሳለ እየወጋ የሚያበላሽበት የፍራፍሬ ዝንብ ሌላ ነው፤ ያኛው በመጠንም ይበልጣል፣ በዘርም ይርቃል። ይህችኛዋ በሳይንስ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ትባላለች። ቶማስ ሀንት ሞርጋን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓይኑ ነጭ የሆነ ወንድ ካገኘባት ወዲህ፣ ስለ ውርስ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በእሷ ላይ በተደረገ ምርምር ነው።

ሴቷንና ወንዱን መለየት አያስቸግርም። ወንዱ አነስ ይላል፣ የሆዱም ጫፍ ድፍን ጥቁር ነው። ሴቷ ተለቅ ትላለች፣ ሆዷም እስከ ጫፉ ድረስ በጥቁርና በቢጫ መስመር የተዥጎረጎረ ነው። ሴቷ ለእንቁላሏ አስኳል ታዘጋጃለች፤ ወንዱ አያዘጋጅም። ወንዱ ደግሞ ሴት ሲያይ አንድ ክንፉን ዘርግቶ እያርገበገበ ያዜማል። የሚገርመው፣ እነዚህን ልዩነቶች የሚመሩት ጂኖች በሁለቱም ፆታ ውስጥ መኖራቸው ነው። ሁለቱም ዘንድ ይነበባሉ፣ ፊደላቸውም አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አዛዥ ፕሮቲን ምንድን ነው?

ትንኟ ወደ 14 ሺህ፣ ሰው ደግሞ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች አሏቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይሠሩም፤ የዓይን ሴል የሚያስፈልገው ሌላ፣ የአንጀት ሴል የሚያስፈልገው ሌላ ነው። የትኛው ይነሣ፣ የትኛው ይተኛ ብለው የሚወስኑ ፕሮቲኖች አሉ። ባለሙያዎቹ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይሏቸዋል፤ እኛ አዛዥ ፕሮቲን እንበላቸው። አዛዥ ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ የራሱን ቦታ ፈልጎ ይቀመጥና በአቅራቢያው ያለውን ጂን ያሠራል ወይም ያስቆማል። እንግዲህ አንድ አዛዥ ሲለወጥ፣ በእሱ ትእዛዝ የሚሠሩ ብዙ ጂኖች አብረው ይለወጣሉ ማለት ነው።

የትንኟን ሴትነትና ወንድነት ከሚመሩት አዛዦች ዋነኛው ደብልሴክስ ይባላል።

ቆረጣው

ጂን በቀጥታ ፕሮቲን አይሆንም። መጀመሪያ አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ይገለበጣል። ይህ ቅጂ ረጅም ነው፤ ለፕሮቲኑ የሚፈለጉ ክፍሎችና በመካከላቸው የማይፈለጉ ክፍሎች ተቀላቅለውበታል። የሚፈለጉት ኤክሶን፣ በመካከል ያሉት ኢንትሮን ይባላሉ። ሴሉ ኢንትሮኖቹን ቆርጦ ይጥልና ኤክሶኖቹን ይቀጣጥላል፤ ሥራው ስፕላይሲንግ ይባላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ ቫይረስ ላይ ያገኙት ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ ሲሆኑ፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል።

ቁም ነገሩ ያለው ቅጥያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ላይ ነው። የቤት እመቤቷ ደብተር ላይ የጎመን አሠራር በስድስት መስመር ተጽፏል እንበል። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት መስመሮች ማጠብ፣ መቀቀልና መክተፍ ናቸው። አራተኛው “በቅመም የተነጠረ ቅቤ ጨምረሽ አውጪ” ይላል። አምስተኛውና ስድስተኛው በዘይትና በሽንኩርት ስለማብሰል ናቸው። ለፍስክ ቀን ልጇ በብጣሽ ወረቀት የምትገለብጠው ከአንድ እስከ አራት ያለውን ነው፤ እዚያ ላይ ወጡ ያልቃል። ጿሚ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ግን አራተኛውን ትዘልና ከሦስት ወደ አምስትና ስድስት ትሻገራለች። ደብተሩ ላይ የተፋቀም የተጨመረም ነገር የለም፤ ገበታው ላይ የሚቀርበው ግን ሁለት የተለያየ ምግብ ነው።

የደብልሴክስ ጂን አካሄድ ከዚህ ጋር መስመር በመስመር ይገጥማል። ስድስት ኤክሶኖች አሉት። ሴቷ ከአንድ እስከ አራት ያሉትን ትወስድና እዚያው ታቆማለች፤ ወንዱ አራተኛውን ዘልሎ ከሦስት ወደ አምስትና ስድስት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ፕሮቲኖች የመጀመሪያዎቹ 397 አሚኖ አሲዶቻቸው አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሴቷ 30 ጨምሮ በ427 ያበቃል፤ የወንዱ 152 ጨምሮ 549 ይደርሳል።

ጅራቱ ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

ሁለቱ የሚጋሩት የፊተኛው ክፍል ዲኤንኤውን የሚይዘው እጅ ያለበት ነው። ስለሆነም የሴቷም የወንዱም ደብልሴክስ ዲኤንኤው ላይ የሚቀመጡት አንድ ቦታ ነው። የሚለያዩት በጅራታቸው ነው፤ የትኛው ረዳት ፕሮቲን አብሮ እንደሚሠራ የሚወስነውም ጅራቱ ነው። ለምሳሌ የሴቷ ደብልሴክስ ኢንተርሴክስ ከሚባል ረዳት ጋር ተጣምሮ ይሠራል።

ውጤቱ በአስኳል ጂኖች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሴቷ ደብልሴክስ እነዚህ ጂኖች አጠገብ ተቀምጦ ያሠራቸዋል። የወንዱ ደብልሴክስ እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጦ ያስቆማቸዋል። በሆድ ቀለም ላይም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩን ቀለም የሚከለክል ባብ የሚባል ጂን አለ፤ የሴቷ ደብልሴክስ በሆዷ ጫፍ ላይ ያነሣዋል፣ የወንዱ ያስተኛዋል። ስለዚህ ወንዱ ጫፉ ይጠቁራል። የደብልሴክስ ጂን ጨርሶ ሲበላሽ ደግሞ ሴት መሆን የነበረባትም፣ ወንድ መሆን የነበረበትም በሁለቱ መካከል ያለ መልክ ይዘው ያድጋሉ። ይህም አንደኛው ፆታ “ያልታዘዘ” ሌላው “የታዘዘ” አለመሆኑን ያሳያል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አዛዥ ይፈልጋሉ።

የትኛው ይዘለል የሚለውን ማን ይወስናል?

በሰው ወንድነትን የሚያስጀምረው ዋይ የሚባለው ክሮሞሶም ነው። በትንኟ ግን የሚቆጠረው ኤክስ ነው። ሁለት ኤክስ ያለው ፅንስ ሴክስ ሌታል የተባለ ፕሮቲን ማምረት ይጀምራል። ይህ ፕሮቲን ትራንስፎርመር የሚባል የሌላ ጂን ቅጂ በትክክል እንዲቀጠል ያደርጋል። ትራንስፎርመር ደግሞ በተራው የደብልሴክስን ቅጂ ይዞ አራተኛው ኤክሶን እንዳይዘለል ያደርጋል። አንድ ኤክስ ብቻ ያለው ወንድ ውስጥ ሴክስ ሌታል ስለማይሠራ፣ የትራንስፎርመር ቅጂ መሐል ላይ “አቁም” የሚል ምልክት ይዞ ይቀራል፣ የሚሠራ ፕሮቲንም አይወጣውም። አራተኛው ኤክሶን ይዘለላል፤ ወንድ ይሆናል። ሰንሰለቱ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው በቆረጣና በቅጥያ ነው።

ጠባይም በቅጥያ

ትራንስፎርመር የሚያዘው ሌላም አዛዥ አለ፤ ፍሩትለስ ይባላል። በወንዱ አእምሮ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይሠራል፤ በሴቷ ግን ቅጂው በሌላ መንገድ ስለሚቀጠል የሚሠራው የወንድ ፕሮቲን አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና ይሠሩ የነበሩት ኤብሩ ዴሚርና ባሪ ዲክሰን አንድ ነገር ሞከሩ። የሴት ትንኞች ፍሩትለስ እንደ ወንድ እንዲቀጠል አደረጉ። ሴቶቹ በመልክ ሴት እንደሆኑ ቀሩ፤ ነገር ግን ሌሎች ሴቶችን እየተከተሉ ክንፋቸውን ዘርግተው ማሽኮርመም ጀመሩ። በተቃራኒው ቅጥያቸው እንደ ሴት የተደረገባቸው ወንዶች ማሽኮርመሙን ተዉት ለማለት ይቻላል። ያን ያህል የተወሳሰበ ጠባይ በአንድ ጂን ቅጂ አቀጣጠል ይህን ያህል መለወጡ ሳይንቲስቶቹን ራሳቸውን ያስደነቀ ነበር።

የእኛ ደጋ ትንኞች

ኢትዮጵያ በዚህ ምርምር ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጆን ፑል ቤተ ሙከራ ከሰሜን ሸዋ ፍቼ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ የተሰበሰቡ የዚሁ ዝርያ ትንኞችን ለዓመታት አጥንቷል። የፍቼዎቹ ትላልቅ ናቸው፤ ክንፋቸውም ሰፊ ነው፤ ብርድም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የቀለም ጥናት ደግሞ ከተለኩት ሁሉ የኢትዮጵያዎቹ እጅግ የጠቆሩ መሆናቸውን አሳየ፤ በአፍሪካ ጥቁረታቸው ከሁሉ ይበልጥ የተያያዘው ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ነበር። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ሆሳዕና የሚኖር ሰው የደጋ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚለበልብ ማንም አይነግረውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ይኸው ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከፈረንሳይ የመጡ ብርድ የለመዱ ትንኞችን በሞቃት አካባቢ ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጸረ። ልዩነቱ በሁለት በኩል ታየ። ጂኖቹ ምን ያህል እንደሚነበቡ ይለያያል፤ ቅጂዎቹ የት የት እንደሚቆረጡም ይለያያል። ብርድን መልመድ የጂን ፊደል ለውጥ ብቻ ሳይሆን የአቀጣጠል ለውጥም አለበት ማለት ነው።

ለሰውና ለወባ ምን ይጠቅማል?

በሰው ውስጥም ከአንድ በላይ ኤክሶን ካላቸው ጂኖች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአንድ በላይ ዓይነት ቅጥያ አላቸው። ደብሊውቲ ዋን የሚባለው የሰው አዛዥ ፕሮቲን በቅጥያ ምክንያት ሦስት አሚኖ አሲድ ይጨመርበታል ወይም ይቀርበታል። የሁለቱ ዓይነቶች ሚዛን ሲዛባ ኩላሊትንና የፆታ እድገትን አብሮ የሚጎዳ፣ ፍሬዠር ሲንድረም የሚባል በሽታ ይመጣል።

በግቤ ሸለቆ ቆላማ ቀበሌዎች ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ይህኛውን ልብ ይበል። የወባ ትንኝም ደብልሴክስ አላት፤ የሴት ብቻ የሆነ ኤክሶንም አላት። እ.ኤ.አ. በ2018 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የአንድሪያ ክሪሳንቲ ቡድን አኖፊለስ ጋምቢዬ የተባለችውን የወባ ትንኝ የሴት ኤክሶን መቀጠያ ቦታ የሚያበላሽ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድም በፍጥነት የሚዛመት ለውጥ ሠራ። ወንዶቹ ይህን ኤክሶን ስለማይጠቀሙበት ጤነኛ ሆነው ለውጡን ያሰራጫሉ። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የወረሱ ሴቶች ግን መካን ይሆናሉ፣ መንከስም አይችሉም። በቤተ ሙከራ ሣጥን ውስጥ የነበሩት ትንኞች ከ7 እስከ 11 ባለው ትውልድ ጨርሰው ጠፉ። በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የአኖፊለስ ጋምቢዬ የቅርብ ዘመድ ናት።

ስለዚህ በሬዲዮ ወይም በጋዜጣ “የእንዲህ ያለ ጠባይ ጂን ተገኘ፣ የእንዲህ ያለ በሽታ ጂን ተገኘ” ሲባል፣ አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቁ፦ ጂኑ በየትኛው ሴል ውስጥ፣ በምን መልክ ተቀጥሎ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ይህ ሳይመለስ የተነገረ ዜና ግማሽ ዜና ነው።