ክፉ ዜናን ማን ያድርስ?
በስደት የሚገኝ ጽኑ ሕመምተኛና የሐኪም ግልጽነት

መግቢያ

በዕድሜ የገፉ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሜሪካ ከሚኖሩት ልጆቻቸው ዘንድ ሳሉ ታመሙ እንበል። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ይዞ ከአልጋቸው አጠገብ ይቆምና በሽታው ካንሰር መሆኑን፣ የቀራቸውም ጊዜ በወራት የሚቆጠር መሆኑን በአስተርጓሚ በኩል ይነግራቸዋል። በሙያው ሥነ ምግባር መሠረት ሐኪሙ ግዴታውን ተወጥቷል። ልጆቹ ግን ድርጊቱን እንደ ጭካኔ ይቆጥሩታል፤ እናትየውም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምግብ ይተዋሉ። ሐኪሙ ቤተሰቡ ከእውነት የሚሸሽ ይመስለዋል፤ ቤተሰቡም ሐኪሙን ሟርተኛ ነው ይለዋል። በስደት ለምንኖር ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለው ግጭት እንግዳ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግጭቱን ምንጭ ማስረዳት ነው። ሐሳባችን በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ በባህላችን ክፉ ዜናን ከሕመምተኛው ማቆየት እውነትን የመደበቅ ልማድ ሳይሆን እውነትን የማድረስ ሥርዓት ነበር። በስደት ግን ሥርዓቱን ይሸከሙ የነበሩት ሰዎች ርቀው ዝምታው ብቻ ቀርቶልናል።

የመርዶ ሥርዓት

ዘመድ የሞተበት ሰው መርዶውን የሚሰማበት ሁኔታ በአገራችን በዘፈቀደ የሚፈጸም አልነበረም። ዜናው አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለጎረቤት ይደርሳል። ባለሐዘኑ ምንም ሳያውቅ በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ወዳጅ ዘመድ ይጠራራል፤ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። በሥርዓቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተጠብቀዋል፤ ነጋሪው የታወቀና የተከበረ ሰው ነው፤ ጊዜው የተመረጠ ነው፤ ሰሚውም ብቻውን አይደለም።

ስለ ጽኑ ሕመም ክፉ ዜና የምንነጋገርበት መንገድ የዚሁ ሥርዓት ተከታይ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ የነበሩት ዶክተር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል። እንደ እርሳቸው አገላለጽ ክፉ ዜና አስቀድሞ ለሕመምተኛው ቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጁ መነገር አለበት፤ እነርሱም ተስማሚ ጊዜና ቦታ መርጠው ባህሉ በሚፈቅደው መንገድ ለሕመምተኛው ያደርሱታል። ልብ ሊባል የሚገባው «ያደርሱታል» የሚለው ቃል ነው። ሥርዓቱ ዜናውን ቀብሮ እንዲቀር አያደርገውም።

ለዚህም ከቋንቋችን ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። ኑዛዜ የሚለው ቃል ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርንም፣ ንብረትንና አደራን ለወራሽ ማስተላለፍንም ያጠቃልላል። ሁለቱም ሰውየው ሞቱ መቅረቡን ካላወቀ ሳይፈጸሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ሙስሊም ወገናችንም ዕዳውን ከፍሎ፣ ከጎረቤቱ ጋር አፉ ተባብሎ፣ ሸሃዳውን ይዞ ለመሞት ይመኛል። ለመልካም አሟሟት ይህን ያህል ቦታ የሚሰጥ ሕዝብ ሕመምተኛው እስከ መጨረሻው ሳያውቅ ይሙት ብሎ ፈርዷል ማለት አይቻልም።

የአሜሪካ ግልጽነት ዕድሜ

በአንጻሩ የአሜሪካ ሕክምና ግልጽነት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 ከመቶ ያህሉ ካንሰር ለያዘው ሰው የበሽታውን ስም ላለመንገር እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። በ1979 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 ከመቶ የሚሆኑት መንገርን መርጠዋል። በመካከሉ የሕመምተኛው መብት በፍርድ ቤትና በኅብረተሰቡ ዘንድ ጎልቶ ወጥቷል፤ የሕክምናውም ኃይል ጨምሯል። በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ1991 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ ሆስፒታሎች ታካሚውን ተቀብለው ሲያስተኙ ስለ ሕክምና ኑዛዜና ስለ ጤና ውክልና መብቱ እንዲያስታውቁት ያዛል።

እነዚህ መብቶች በከንቱ የመጡ አይደሉም። ሆኖም መብቱ የሕመምተኛው ነው ሲባል የግድ ራሱ ይስማ ማለት አይደለም። ሁሉን ማወቅ የማይፈልግ ሰው የመስማቱንና የመወሰኑን ሥራ ለሚያምነው ሰው ሊሰጥ እንደሚችል የሕክምናው ሥነ ምግባር ይቀበላል። በ1995 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አካባቢ በአረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናትም ሕመምተኛው የተሠራጨ ካንሰር እንዳለበት ሊነገረው ይገባል ያሉት ከአውሮፓ ዝርያ አሜሪካውያን መካከል 87 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከኮሪያ ዝርያ አሜሪካውያን ግን 47 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም።

ዝምታው በስደት

በአገር ቤት ሕመምተኛውን የሚከብቡት የንስሐ አባት፣ የእድር ዳኛ፣ አጎትና የክርስትና እናት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ «እስቲ ቤትህን አስተካክል» ለማለት ሥልጣኑም ብልሃቱም ነበረው። በስደት ይህ ሸክም በሁለት ሥራ በደከመ አንድ ልጅ ላይ ይወድቃል። ልጁ መናገር የእርሱ ድርሻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የእርሱ ድርሻ የሆነው ሰው ደግሞ በአካባቢው የለም። ስለዚህ ዝም ይላል። አባትም ነገሩን ከልጁ ፊት አንብቦ ሳለ ልጁን ላለማስጨነቅ ዝም ይላል። ሁለቱም ብቻቸውን ያዝናሉ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ንስሐ አልተገባም፤ ከአገር ቤት እኅት አልተጠራችም፤ አስከሬኑ ወዴት ይሂድ የሚለውም አልተጠየቀም።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። ነቀርሳ የሚለው ቃል ለካንሰር ያገለግላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ግን የምንረዳው ካንሰርን ሳይሆን በተለምዶ ቲቢ የሚባለውን ተላላፊ በሽታ ነው። ያልሠለጠነ አስተርጓሚ የሳንባ ካንሰርን በዚህ ስም ቢጠራው፣ ሕመምተኛው መድኃኒት ያለውና ቤተሰቡን የሚበክል ሌላ በሽታ እንደያዘው አድርጎ ይረዳዋል። ሆስፒስ ለሚባለውም አገልግሎት የለመድነው አቻ ቃል የለንም፤ ስለዚህ ሥቃይን የማስታገስና ቤተሰብን የመደገፍ ሥራ መሆኑ ቀርቶ «ተስፋ ቆርጠው ጣሉት» ተብሎ ይተረጎማል። ከሁሉም የከፋው ትንሽ ልጅ የወላጁን ሞት እንዲያስተረጉም ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ ሥር ያሉት ደንቦች ይህን ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቅዱም፤ ቤተሰቡም ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው።

ምን ይደረግ?

ለሐኪሞች የምንለው፣ ከመንገር በፊት መጠየቅ ይቅደም ነው። ምርመራው ሲጀመር፣ ውጤቱ ገና ሳይታወቅ፣ «ስለ ሕመምዎ ሁሉን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ? ወይስ የሚሰማልዎ ሰው አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ የታካሚው መብትም ባህሉም አይጣሱም። ኢትዮጵያዊ ነው ተብሎ ብቻ ሕመምተኛው መስማት አይፈልግም ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። ከመካከላችን ሁሉን በገዛ ጆሮው መስማት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። የሚቀረው ዕድሜ በወር ተቆጥሮ ሲነገር ለብዙዎቻችን በፈጣሪ ሥልጣን ውስጥ መግባት መስሎ ይሰማናል። «ሕክምናው ሊያድን አልቻለም፤ ሥቃዩን ግን እናስታግሳለን፤ ቤተሰብ መጥራት መልካም ነው» ማለት ያንኑ እውነት ሳያቆስል ያደርሳል።

ለራሳችን የምንለው ደግሞ ይከብዳል። በጤናችን ሳለን የሚሰማልንንና የሚወስንልንን ሰው መርጠን በጽሑፍ እንወክል። ቤተሰብም ሕመምተኛውን ወክሎ ዜናውን ሲቀበል፣ ዜናውን የማድረስ አደራ አብሮ መቀበሉን ይወቅ። መቼ፣ በማን በኩል፣ እነማን ባሉበት የሚለውን መምረጥ የእርሱ ፈንታ ነው፤ ጨርሶ ማስቀረት ግን የሥርዓቱ አካል አልነበረም።

በየከተማው ያቋቋምናቸው እድሮችና ማኅበራት አንድ ወገን ሲሞት በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘብ አሰባስበው አስከሬኑን ወደ አገር እስከ መላክ ደርሰዋል። ይህ ትጋት የሚያስመሰግን ነው። እነዚሁ ማኅበራት በሁለት ወይም በሦስት የታመኑ ሽማግሌዎችና እናቶች አማካይነት ሰውየው በሕይወት ሳለ ወደ አልጋው ቢቀርቡ፣ ቤተሰቡ ያጣቸውን የክፉ ዜና አድራሾች ይተካሉ። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ወዴት መቀበር እንደሚፈልግ ማኅበሩ ከራሱ አንደበት ሊሰማ ይችላል።