ከመርፌው እስከ ቅድመ ማጉያው

አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ከወላጆቻቸው ተረክበው ለማድመጥ የሚተጉ ወዳጆች፣ ከማጫወቻው የሚዘረጋው ገመድ ቢረዝም ድምፁን ይጎዳው እንደሆነ ይጠይቃሉና፣ መልሱ ገመዱ በሚያገለግልበት ሥፍራ የሚወሰን መሆኑን ከነምክንያቱ ላስረዳ።

መርፌው በሸክላው ጭረት ውስጥ ሲጓዝ ከተለመደው ባለተንቀሳቃሽ ማግኔት ካርትሪጅ የሚወለደው ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ የሆነ፣ እጅግ ረቂቅ ኃይል ነው። የካርትሪጁ ጥቅል ሽቦ ኢንዳክታንስና የገመዱ ካፓሲታንስ በተዋሐዱ ጊዜ፣ ሁለቱ በአንድ በተወሰነ የድምፅ ከፍታ ላይ እየተደጋገፉ ያንን ድምፅ ከመጠኑ በላይ ያጎሉታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ፈጥነው ያከስሙታል። ኢንዳክታንሱ 550 ሚሊሄንሪ፣ የገመዱና ይህን ረቂቅ ኃይል ተቀብሎ የሚያሳድገው የቅድመ ማጉያው ካፓሲታንስ በድምሩ 200 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ ይህ ጉልላት የሚቆመው በ15 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል የሚይዝ ገመድ 3 ሜትር ቢጨመርበት ግን፣ ድምሩ 500 ደርሶ ጉልላቱ ከ10 ኪሎኸርዝ በታች ይወርዳል፤ ቁመቱም ይጨምራል። ያን ጊዜ የዘፋኙ «ሰ» ይሾላል፤ የድራሙን ሲምባል ወይም በማኅሌት ቅጂ ላይ ጸናጽሉን የሚያጠራው ረቂቁ ክፍል ይጠፋል። ይህ ለዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ልፋት የማይገባ በደል ነው።

ሁለተኛው ጉዳት እምም የሚለው የመብራት ድምፅ ነው። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸናው የሸክላ ቀረጻ ሥርዓት መሠረት ቅድመ ማጉያው ወፍራሙን ድምፅ አብልጦ ማንሣት ስላለበት፣ ረዥሙ ገመድ ከመብራት መስመር የሚለቅመውን የ50 ኸርዝ ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ 7 እጥፍ ያህል ያጎላዋል። ባለተንቀሳቃሽ ጥቅል ካርትሪጅ ያላቸው ሰዎች ስለ ካፓሲታንስ እምብዛም አይጨነቁ፤ ኃይሉ ግን ከሌላው አብዝቶ ደካማ ስለሆነ ይህን ሁለተኛውን ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ከቅድመ ማጉያው ወዲያ ኃይሉ 100 እጥፍ ያህል ስለሚያድግ ጥቂት ሜትር ቢረዝም ነውር የለበትም፤ ወደ ስፒከር የሚሄደውም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የ5 ሜትር መዳብ ሽቦ፣ በመሄጃና በመመለሻው ተደምሮ 0.07 ኦም ገደማ ብቻ ስለሚጨምር፣ በ8 ኦም ስፒከር ላይ ለውጡ አይሰማም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ቅድመ ማጉያውን ከማጫወቻው አጠገብ አኑሩት፤ እምም የሚለውን ድምፅ ለማራቅ የምድር ሽቦውንም ማገናኘት አትርሱ፤ ገመድ ስትገዙም ስለ ወርቅ ቅቡ ሳይሆን በሜትር ስንት ፒኮፋራድ እንደሚይዝ ጠይቁ።